መራጩ በቀጣዩ ምርጫ ፓርቲ ይቀይር ይሆን? ሐዋሳ ላይ ለማጥናት የትኛው ዘዴ ይሻላል

ምርጫ ሲቃረብ ሐዋሳ ላይ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል «ሕዝቡ ባለፈው የመረጠውን ይደግማል ወይስ ይቀይራል?» የማይባልበት የቡና ጠረጴዛ የለም። መልስ የሌለውም የለም። ችግሩ ሁሉም የሚመልሰው የራሱን ጎረቤትና ወዳጅ አይቶ መሆኑ ነው። ከተማውን ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቅ ደግሞ ዘዴ አለው። የሬዲዮ ዝግጅት ክፍል፣ የሲቪክ ማኅበር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ወይም ራሱን መመዘን የፈለገ ፓርቲ ከፊቱ ስድስት መንገድ አለው፦ ቤት ለቤት አንድ ጊዜ መጠየቅ፣ ያንኑ ሰው ከወራት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ (ባለሙያዎች ፓነል የሚሉት)፣ ስልክ፣ የቡድን ውይይት፣ የምርጫ ጣቢያ ውጤት ማነጻጸር እና የቴሌግራም ድምፅ መስጫ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለዚህ ጥያቄ ፓነልን የሚያህል የለም። አቅሙ ከሌለ ቤት ለቤት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ግን ምስጢራዊ የሙከራ ድምፅ መስጫ ወረቀት ተጨምሮበት። ስልክ የእነዚህ አጋዥ ነው፤ የቡድን ውይይት መጠይቁን ለማሰናዳት፣ የጣቢያ ውጤት ለማመሳከር ይጠቅማል። የቴሌግራሙን ለዚህ ሥራ አንመክርም።

«ቀየረ» የምንለው ማንን ነው?

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ሜዳ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። በ2007ቱ ምርጫ ለንብ ምልክት ድምፅ ሰጥቶ በ2013 ለአምፖሉ የሰጠ ሰው ፓርቲ ቀይሯል? ንቡ የኢሕአዴግ ነበር፤ አምፖሉ የብልጽግና ነው። ብልጽግና በ2012 የተመሠረተው ከሕወሓት በቀር የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶችና አጋሮቻቸው ተዋህደው ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙም ምልክቱም ተለውጧል፤ መራጩ ግን «ያው መንግሥትን ነው የመረጥኩት» ሊል ይችላል። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ ይህን «ቀየረ» ብሎ፣ ሌላው «አልቀየረም» ብሎ ከመዘገበው ውጤቱ የመራጩን ሳይሆን የመዝጋቢዎቹን ልዩነት ይለካል። ስለዚህ የውህደትና የስም ለውጥ ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚመዘገብ ከሥልጠናው በፊት ይወሰን። እኛ የምንመርጠው ውህደትን እንደ ለውጥ አለመቁጠር ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ በጠቅላላ ምርጫ መራጩ የሚያገኘው አንድ ወረቀት አይደለም፤ አንድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንድ ለክልል ምክር ቤት ነው። ሰው ለፌዴራሉ አንዱን፣ ለክልሉ ሌላውን ሊመርጥ ይችላል። ሐዋሳ ላይ ይህ ልዩ ክብደት አለው፤ በ2007 ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፣ በ2013 ደግሞ ድምፅ የተሰጠው ለአዲሱ የሲዳማ ክልል ምክር ቤት ነው። ሁለቱን ምክር ቤቶች ደርቦ «ማንን መረጡ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስረዳም።

ሦስተኛው፣ ባለፈው ምርጫ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሊቀይር አይችልም፤ የሚቀይረው የለውም። በአምስት ዓመት ልዩነት 13፣ 14፣ 15 ዓመት የነበሩት ሁሉ ዛሬ መራጮች ናቸው፤ «አዲስ መራጭ» የሚል የራሳቸው መደብ ይሰጣቸው። ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ከመሻገር በላይ የሚዘነጋው ግን ከፓርቲ ወደ ቤት መቅረት ነው። ባለፈው የመረጠው ሰው አሁን ካርድ ባያወጣ ያ ፓርቲ ድምፅ አጥቷል፤ ሌላው ግን አላገኘም። «አልመርጥም» እና «አልወሰንኩም» የሚሉ መልሶች ከሒሳቡ ተቀንሰው ከወጡ የጥናቱ ግማሽ ነፍስ አብሮ ይወጣል።

ፓነልና አንድ ጊዜ ጥናት በቁጥር ሲነጻጸሩ

ምሳሌ እንውሰድ። 600 ሰው ጠይቀን 300ው ፓርቲ ሀን፣ 200ው ፓርቲ ለን እንደሚመርጡ፣ 100ው ደግሞ እንደማይመርጡ ነገሩን እንበል። ከስድስት ወር በኋላ ከሀ ወደ ለ የሄዱት 72፣ ከለ ወደ ሀ የመጡት 36 ናቸው። ሀ ከ300 ወደ 264 ወረደ፤ ከ50 በመቶ ወደ 44 በመቶ መሆኑ ነው። የተጣራው ለውጥ 6 ነጥብ ብቻ ነው። ሐሳቡን የቀየረው ሰው ግን 108፣ ማለትም 18 በመቶ ነው።

አሁን ይህን በሁለት የተለያዩ የ600 ሰው ናሙናዎች ለመያዝ እንሞክር፤ መጀመሪያ 600 ሰው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ 600 ሰው። በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው የልዩነቱ የስህተት ህዳግ (ናሙናው ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ወደ 5.6 ነጥብ ነው። ያም ናሙናው ከከተማው ሁሉ አንድ በአንድ በዕጣ ቢወጣ ነው። በተግባር የሚጠየቀው በሰፈር በሰፈር እየተሰበሰበ ስለሆነ፣ ለዚያ 1.5 የናሙና ማካካሻ (ያንኑ ትክክለኛነት ለማግኘት ናሙናው በስንት እጥፍ መብዛት እንዳለበት የሚያሳይ ቁጥር፤ ህዳጉ የሚባዛው በስኩዌር ሩቱ ነው) ስንጨምር ህዳጉ 6.9 ይሆናል። የምንፈልገው 6 ከህዳጉ በታች ወደቀ፤ ለውጡ ኖሮም «አለ» ለማለት አንችልም። ያ 18 በመቶማ ጭራሹኑ አይታይም፤ የሄዱትና የመጡት ተቻችለው ይጠፋሉና።

ያንኑ 600 ሰው ተመልሰን ብንጠይቅስ? ህዳጉ ወደ 3.4 ይወርዳል፤ ማካካሻው ተጨምሮበትም 4.1 ነው። 6 ነጥቡ በግልጽ ይወጣል፤ ማን ከየት ወደየት እንደሄደም ስም አልባ በሆነ ሠንጠረዥ ይታያል። ፓነል የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ፓነል ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሐዋሳ የተከራይ ከተማ ናት። በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየወረዳው ያመጣቸው ወጣት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ኪራይ ሲጨምር ይለቃሉ፣ ሥራው ካልተስማማቸው አገር ቤት ይመለሳሉ። ከሩብ የማያንስ ሰው ይጠፋል ብሎ መነሳት ይበጃል፤ በሁለተኛው ዙር 600 ለማግኘት በመጀመሪያው 800 መጠየቅ ነው። የሚጠፋው ደግሞ እንደ ቀሪው አይደለም። ቤት የቀየረ ሰው፣ ሥራ የቀየረ ሰው፣ ኑሮ የከበደበት ሰው፣ ምርጫውንም የመቀየር ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ስልክ ቁጥር ውሰዱ፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው «ቤት ብትለቁ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ» ዘመድ ወይም ጓደኛ። በመካከልም ቢያንስ አንድ ጊዜ ደውሎ ሰላም ማለት ብዙ ሰው ያተርፋል።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ ጀማሪ አጥኚዎች አያስተውሉትም። በእያንዳንዱ ዙር 4 በመቶ መልስ በስህተት ቢመዘገብ (የተሳሳተ ሳጥን ማክበብ፣ ጥያቄውን አለመስማት፣ ምልክት ማምታታት) ከ600ው ወደ 46 የሚጠጉ ሰዎች ምንም ሳይቀይሩ የቀየሩ ይመስላሉ። ስለዚህ ፓነል ለውጥን አጉልቶ ያሳያል። አንድ ጊዜ ተጠይቆ ያለፈውንም የመጪውንም የሚናገር ሰው ደግሞ በተቃራኒው ያሳንሰዋል፤ ሰው የትናንቱን ከዛሬው ጋር አስማምቶ ያስታውሳልና፣ ያሸነፈውንም «መርጬ ነበር» ማለት ይቀናዋል። እውነቱ ከሁለቱ መካከል ነው። አቅም ያለው በመጀመሪያው ዙር «በ2013 ማንን መረጡ?» የሚለውንም ይጠይቅ፤ ሁለቱን መለኪያ ጎን ለጎን ያገኛል። ከተጠየቁት 10 በመቶውን ሱፐርቫይዘሩ በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ አራት ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ የምዝገባ ስህተቱ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይታወቃል።

ቤት ለቤት፤ ናሙናው እንዴት ይወጣል

ሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አሏት፦ ሐይቅ ዳር፣ መሐል ከተማ፣ ምሥራቅ፣ መነኸሪያ፣ ባህል አዳራሽ፣ አዲስ ከተማ፣ ታቦር እና ሀዌላ ቱላ። የመጨረሻው ገጠር ቀመስና ሰፊ ነው። ባጃጅ የማይገባበት ቦታ ስላለ መረጃ ሰብሳቢ ይሸሸዋል፤ ድርሻው ሳይሟላ ይቀርና ውጤቱ የአስፋልት ዳር ውጤት ይሆናል። ከሕዝቡ ብዛት ጋር የሚመጣጠን ድርሻ ለእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ መጀመሪያ ይቆረጥ፤ ቱላን ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት።

600 ሰው በስንት ሰፈር ይከፋፈል? እዚህ ላይ ስንፍና ብዙ ያስከፍላል። በ30 ሰፈር 20፣ 20 ሰው መጠየቅ መንገድ ያሳጥራል፤ ግን የአንድ ሰፈር ሰው በፖለቲካ ይመሳሰላል። መመሳሰሉ (0 ምንም አለመመሳሰል፣ 1 ፍጹም መመሳሰል ሆኖ) 0.05 ነው ብለን ብንነሳ 20 ሰው ያለበት ሰፈር የናሙናውን ማካካሻ ወደ 1.95 ያወጣዋል፤ 600 ሰው የጠየቅን ቢመስለንም የ308 ሰው ያህል መረጃ ነው የያዝነው። በ60 ሰፈር 10፣ 10 ሰው ቢሆን ማካካሻው 1.45 ነው፤ ወደ 414 ሰው ይተካከላል። ያው 600 ጥያቄ፣ የመቶ ሰው ትርፍ። 60ው ይሁን።

ሰፈሩ ከተለየ በኋላ ቤቶቹን ቁጠሩ። 150 ቤት ካለ በየ15ኛው ቤት ነው፤ የመጀመሪያው ከ1 እስከ 15 በዕጣ ይወጣል። ሐዋሳ ላይ «ቤት» የሚለው ቃል ራሱ ያታልላል። አንድ የቆርቆሮ በር ተከፍቶ ሲገባ ፊት ለፊት የአከራዩ ቤት፣ ከጀርባ በአንድ መስመር ስድስትም ስምንትም ሰርቪስ ቤት ይኖራል፤ ደጃፉ ላይ ለየብቻቸው የተጣዱ ከሰሎች ይታያሉ። በሩን አንኳኩቶ ከአከራዩ ጋር ብቻ ተነጋግሮ የሚወጣ መረጃ ሰብሳቢ ስምንት ቤተሰብ ዘለለ ማለት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ድስት የሚበሉት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ግቢ ውስጥ ስንት ድስት እንዳለ ይቆጠር፣ እያንዳንዱ ለየብቻ ቁጥር ይያዝ።

ከቤተሰቡ ማን ይጠየቅ? በሩን የከፈተው አይደለም። 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሁሉ መዝግቦ ዕጣ ማውጣት፤ አንዱ ቤት ከወንዶቹ፣ ቀጣዩ ቤት ከሴቶቹ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከሌለ ሦስት ጊዜ መመለስ ግዴታ ነው፤ አንዱ ምሽት ከ12 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ እሑድ ከሰዓት። የፓርኩን ሠራተኞች በሥራ ቀን ጠዋት የሚፈልግ ባዶ ክፍል ያገኛል። «ጎረቤቱን ልጠይቅ?» የሚል መረጃ ሰብሳቢ ካለ መልሱ አይሆንም ነው፤ ቤት ውሎ የሚገኘው ሰው ከከተማው ሕዝብ ይለያል።

ቀኑም ይመረጥ። ፊቼ ጫምባላላ በሚከበርበት ሳምንት ብዙ የሲዳማ ቤተሰብ ወደ ገጠር ዘመዶቹ ይሄዳል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ባለቤቱም ለጥያቄ ጊዜ የለውም። አሥር መረጃ ሰብሳቢ እያንዳንዱ በቀን አምስት ቃለ መጠይቅ ቢሠራ 600ው በ12 የሥራ ቀን ያልቃል። በቀን አሥር የሚያመጣ ካለ ከማመስገን በፊት ወረቀቱን መመርመር ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ከከተማ አስተዳደሩ ጀምሮ በክፍለ ከተማና በቀበሌ ያውጡ፤ ያለሱ መረጃ ሰብሳቢው በየበሩ ይያዛል። ሆኖም የቀበሌ ሠራተኛ ይዞ ወደ ቤት መግባት ጥናቱን ያፈርሰዋል። እማማ በረንዳ ላይ ሆነው አብሮ የመጣውን ሰው ካዩ የሚሰጡት መልስ ለእሱ ነው። ደብዳቤው በኪስ፣ መታወቂያው በአንገት፣ የቀበሌው ሰው ግን በቢሮው።

ጥያቄው እንዴት ይቅረብ

«በቀጣዩ ምርጫ ፓርቲ ይቀይራሉ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ አይገባም። በእኛ አነጋገር ይህ «ወላዋይ ነዎት?» እንደማለት ነው፤ ማንም ወላዋይ መባል አይወድም፤ ስለዚህ «ኧረ አልቀይርም» ይላል። ለውጥ የሚለካው ሁለት ጥያቄ አራርቆ ጠይቆ በኋላ ቢሮ ውስጥ በማነጻጸር ነው።

ስላለፈው ሲጠየቅ አለመምረጥንም የማያሳፍር አድርጉት፦ «በሰኔ 2013ቱ ምርጫ አንዳንድ ሰው ድምፅ ሰጥቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ታሞ፣ ሥራ ይዞት፣ ካርድ ሳያወጣ ወይም ሳይፈልግ ቀርቷል። እርስዎስ?» ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር፤ ከሰኔ 14ቱ 2013 ምርጫ በፊት 19 ወር ያህል ብቻ ነው። ጣት ቀለም የተነከረበት ያ ቀን በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ከምርጫው ይበልጥ ጎልቶ ቀርቷል፤ «አዎ መርጫለሁ» የሚለው ሰው የሚያስታውሰው የሕዝበ ውሳኔውን ምልክቶች፣ ሻፌታና ጎጆን፣ የያዘውን ወረቀት ሊሆን ይችላል። «ከሪፈረንደሙ በኋላ፣ በኮሮና ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ የተደረገው፣ ፓርቲዎች የተወዳደሩበት» ብሎ ማስታወሻ መስጠት ይህን ያጠራዋል።

ስለ መጪው የሚሻለው አፍ ሳይሆን ወረቀት ነው። የሙከራ ድምፅ መስጫ ወረቀት አዘጋጁ፤ የፓርቲዎቹ ስምና ምልክት በጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም በእኩል መጠን፣ ከታች «አልመርጥም» እና «አልወሰንኩም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። መረጃ ሰብሳቢው ስሞቹን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ምልክቶቹን ያሳያል፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ተጠያቂው ምልክት አድርጎ፣ አጥፎ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ ያሽጋል። አንድ ጊዜ ጥናት ከሆነ ያለፈውም የመጪውም ለየብቻ ወረቀት ይሁን፤ የመጀመሪያው በ5ኛው ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ25ኛው፣ ሁለቱም አንድ ፖስታ ውስጥ። አንድ ገጽ ላይ ከላይና ከታች ከታተሙ ሰው ዓይኑ ከላዩ ላይ እያረፈ ያንኑ ይደግማል።

በፓነል ደግሞ ፖስታው ላይ የመለያ ቁጥር መኖር አለበት፤ ያለዚያ የመጀመሪያውን ዙር ከሁለተኛው ማገናኘት አይቻልም። ይህን ከተጠያቂው መደበቅ ነውር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ሰው ምርጫውን ለመረጃ ሰብሳቢ የመናገር ግዴታ የለበትም። «ይህ ቁጥር የሚጠቅመን በሁለተኛው ጊዜ ስንመጣ ወረቀትዎን ለማገናኘት ነው፤ ስምዎ ያለበት ደብተር ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ይቆለፋል» ብሎ መናገር፣ ካልፈለጉም አመስግኖ መውጣት። ዝም አይነቅዝም ብሎ ያደገን ሰው ማስጨነቅ ውሸት ያስወልዳል እንጂ መልስ አያመጣም።

መረጃ ሰብሳቢዎች ለሁሉም «እርስዎ» ይበሉ፤ ለ19 ዓመቷም። መጠይቁ በአማርኛና በሲዳምኛ፣ ሰፈሩ የሚጠይቅ ከሆነ በወላይትኛም ይዘጋጅ፤ ሜዳ ላይ በቃል እየተረጎሙ መጠየቅ አሥር መረጃ ሰብሳቢ አሥር መጠይቅ እንዲኖረው ያደርጋል። የብሔርና የሃይማኖት ጥያቄ የግድ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይሁን። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ በአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በየአገሩ የሚጠይቀው ይሁን፦ «ይህን ጥናት የሚያስጠናው ማን ይመስልዎታል?» «መንግሥት» ያሉትን ለብቻ አውጥቶ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ፍርሃት ምን ያህል መልሱን እንዳጠመመ ያሳያል።

ስልክ

ፈጣን ነው፣ መመላለስ የለውም፣ ሱፐርቫይዘሩም አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጣል። የሐዋሳን ሰው ብቻ ለማግኘት ግን አይመችም፤ የሞባይል ቁጥር የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ባለቤቱ ዛሬ የት እንደሚኖር አይናገርም። ከዚህም በላይ ከማያውቀው ቁጥር ተደውሎ «ማንን ይመርጣሉ?» የተባለ ሰው ወይ አጭበርባሪ ወይ የጸጥታ ሰው ነው ብሎ ይጠረጥራል። የሙከራ ወረቀትም በስልክ አይሰጥም።

የሚሠራው የፓነል ሁለተኛ ዙር ላይ ነው፤ ተጠያቂው የደዋዩን ድምፅ ያውቃል፣ ቁጥሩን ራሱ ሰጥቷል። ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይደወል፣ ከ12 ደቂቃ አይለፍ። አደጋው፣ በመጀመሪያው ዙር በታሸገ ፖስታ የመለሰ ሰው በሁለተኛው በአፉ ሲመልስ መልሱ ቢለያይ የተለወጠው ሐሳቡ ነው ወይስ የተጠየቀበት መንገድ? መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር በስልክ ለመሥራት ያሰበ፣ የመጀመሪያውንም ዙር በአፍ ይጠይቅ፤ ፖስታውን ለ150 ሰው ያህል ብቻ ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን ይመዝን።

የቡድን ውይይት

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቡና ቢፈላ ጥሩ ነው። ስንት ሰው እንደሚቀይር አይነግርም፤ ከአራት ቡድን «አብዛኞቹ» የሚል ዘገባ የሚጽፍ ሰው ዘዴውን አልተረዳውም። የሚነግረው ለምን እንደሚቀይሩና በምን ቃል እንደሚናገሩት ነው፤ ስለዚህ ቦታው ከመጠይቁ በፊት ነው። አከራይና ተከራይ፣ የፓርክ ሠራተኛና ተቆጣጣሪዋ፣ አባትና ልጅ አንድ ክብ ውስጥ አይቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ከተናገሩ በኋላ ሌላው ሁሉ «እንዳሉት ነው» ካለ ያ ውይይት የአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ሆኗል።

የምርጫ ጣቢያ ውጤት

ውጤት በየጣቢያው ይለጠፋል። የሁለት ምርጫ ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ የት ሰፈር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ያሳያል፤ ያውም እውነተኛ ድምፅ ነው። ግን አንድ ጣቢያ ላይ ሀ 100 ድምፅ አጥቶ ለ 100 ቢያገኝ፣ እነዚያው 100 ሰዎች ተሻገሩ ማለት አይደለም። የሀ መራጮች ቀርተው፣ ለ ደግሞ አዳዲስ ወጣቶችንና አዲስ ነዋሪዎችን አግኝቶ ሊሆን ይችላል። በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ይመዘገባል፤ ተከራይ በሚበዛበት ሰፈር በአምስት ዓመት ውስጥ የመራጭ መዝገቡ ግማሽ ሰው ቢለዋወጥ አይገርምም። ጣቢያዎችም ይከፈላሉ፣ ይዋሃዳሉ፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ሰፈሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ውጤትን ከመቀመጫ ጋር አለማምታታትም ያስፈልጋል። በእኛ አገር አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከ50 ወደ 44 የወረደ ፓርቲ ተፎካካሪዎቹ ከተከፋፈሉ መቀመጫውን አይለቅም። በሌላ በኩል በግንቦት 1997 አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ወስዷል፤ ከድምፅ ድርሻው እጅግ የሰፋ የወንበር ድርሻ ነበር። «ሕዝቡ ይቀይራል?» እና «ወንበሩ ይቀየራል?» ሁለት ጥያቄ ናቸው።

የቴሌግራም ድምፅ መስጫ

የሚመልሰው የቻናሉ ተከታይ ነው፤ ተከታዩ የሚከተለው ደግሞ ሐሳቡ ስለሚጥመው ነው። 50 ሺህ ሰው ቢመልስ ይህን አያርመውም። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ አንድ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፈ። ብዛት የናሙናን ጠማማነት አያቃናም።

ውጤቱ ሲወጣ

ዘገባው ላይ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ መቼ፣ በስንት ሰፈር፣ ስንት ሰው እንቢ አለ፣ በሁለተኛው ዙር ስንት ጠፋ የሚሉት ከዋናው ቁጥር እኩል ቦታ ያግኙ። «አልወሰንኩም» ያሉት እንዳሉ ይጻፉ፤ ለፓርቲዎች ማከፋፈል አይገባም። ልዩነቱ ከስህተት ህዳጉ ካነሰ «ለውጥ መኖሩን ይህ ጥናት አያረጋግጥም» ተብሎ ይጻፍ፤ «ለውጥ የለም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ክፍለ ከተማን ከክፍለ ከተማ ማወዳደርም ይቅር፤ ከ600ው ለአንዱ የሚደርሰው በአማካይ 75 ሰው ነው፣ ህዳጉ ያለ ማካካሻው እንኳ ከ11 ነጥብ በላይ ይሆናል። ስለ ቱላ ወይም ስለ ታቦር ለብቻ መናገር የሚፈልግ እዚያ ብቻ 400 ያህል ሰው መጠየቅ ይኖርበታል።

የስምና የመለያ ቁጥር ደብተሩ ሁለተኛው ዙር ተጠናቆ 10 በመቶው እንደተረጋገጠ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ይቃጠል፤ ኮምፒውተር ላይ ያለው ቅጂም፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ስልክ ላይ የቀረው የተጠያቂዎች ቁጥርም አብሮ ይጥፋ።